በዚህ ከፍታ ላይ የትኛውን ጌጅ እንጨምር?



ርዕሴ ፋብሪካው ከሰጠን ውጪ በመኪናችን ላይ የትኛውን ጌጅ እንጨምር የሚል ነው። ከጎፋ እስከ ሳሪስ ባሉት የመለዋወጫ መደብሮች ብዙ ዓይነት ይሸጣል። የሙቀት አለ፣ የዘይት ግፊት አለ፣ የቮልት፣ የተርቦ፣ የቫኪዩም አለ፤ ሦስቱ በአንድ ታስረው የሚሸጡም አሉ። ገዢው ሲመርጥ በአመዛኙ የሚያየው ማታ ሲበራ ያለውን ቀለም ነው። መርፌው የት ሲሆን ደህና፣ የት ሲሆን አደጋ እንደሆነ የሚነግረው ስለማያገኝ ብዙም ሳይቆይ ማየቱን ይተዋል።

እኔ የምሟገትለት ሐሳብ ይህ ነው። ጌጅ መመረጥ ያለበት በዚህ ከተማ፣ በዚህ ከፍታ፣ በእኛ መንገድ ላይ ሞተር የሚያጠፋው ምን እንደሆነ ተለይቶ ከታወቀ በኋላ ነው። ያ ከታወቀ ምርጫው አጭር ነው። ለአብዛኞቻችን መጀመሪያ የሚያስፈልገን በቁጥር የሚናገር የሙቀት ጌጅ ነው፤ ቀጥሎ የዘይት ግፊት፣ ከዚያ ቮልት። የቀረው እንደ መኪናውና እንደ ሥራው ይታያል።

ጉዳዩ ዛሬ ከትናንት ይልቅ የሚያሳስበኝ በምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ዛሬ በጀሞ፣ በለቡ፣ በመካኒሳ ግቢያችን ያቆምናቸው ቪትዞች፣ ያሪሶች፣ ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል ብለን የያዝናቸው ናቸው። ከእነሱ አንዱ ሞተሩ ከሄደ የሚተካለት ከሶማሌ ተራ ተፈልጎ የሚመጣ፣ ማን ሲነዳው እንደኖረ የማይታወቅ ሌላ አሮጌ ሞተር ነው። በዚያች አንድ መኪና ቤተሰቡን የሚያስተዳድር፣ ልጆቹን የሚያስተምር ሰው ደግሞ በየሰፈራችን አለ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።

ከከፍታው ልጀምር፤ ብዙው ነገር የሚነሳው ከዚያ ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ጅቡቲ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ እዚህ ከ92 እስከ 93 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል።

ይህን አሁን ከራዲያተራችሁ ጋር አገናኙት። በብዙ የጃፓን መኪኖች የራዲያተሩ ፋን የሚነሳው ውሃው ከ90 አልፎ ወደ 95 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ክዳኑ ደህና ከሆነ ይህ ችግር የለውም። በላዩ 0.9 ባር ተብሎ የተጻፈበት ክዳን ውስጡን አፍኖ ይይዝና ውሃው እዚህ ከፍታ ላይ እንኳን እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ግን ጎማው ደርቆ ወይም ስፕሪንጉ ደክሞ ግፊት መያዝ ካቃተው፣ በውስጡም ያለው ተራ የቧንቧ ውሃ ከሆነ፣ ውሃው ፋኑ ከመነሳቱ በፊት መፍላት ይጀምራል። ይፈላል፣ ይተናል፣ በትርፍ ቱቦው ይወጣል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሙቀቱ መጠን «ደህና» በሚባለው ቁጥር ውስጥ ነው። አሰብ ወይም ጅቡቲ ላይ ያንኑ መኪና፣ በዚያው ደካማ ክዳን፣ ፋኑ በጊዜ ተነስቶ ሊያተርፈው ይችል ነበር።

ስለዚህ ማንኛውንም ጌጅ ከመግዛታችሁ በፊት የምጠይቃችሁ ክዳኑን እንድትቀይሩ ነው። ከማንኛውም ጌጅ ርካሽ ነው። ኩላንትም ጨምሩ። እኩል በእኩል ከውሃ ጋር ሲደባለቅ የመፍያ ነጥቡን በ7 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ ዝገቱንም ይከላከላል። ብርድ ለሌለበት አገር ምን ያደርጋል የሚል ክርክር በየጋራዡ እሰማለሁ። ለእኛ የሚጠቅመን ለብርዱ አይደለም፤ ለመፍላቱ ነው።

አሁን ወደ ቪትዝ እንምጣ። ቪትዝ ጎበዝ መኪና ናት፤ ነዳጅ ትቆጥባለች፣ መለዋወጫዋ ይገኛል፣ ጠባብ ቦታ ትገባለች። ነገር ግን በመንገዳችን ላይ የሚበዙት ቪትዞችና ያሪሶች የሙቀት መርፌ የላቸውም። ጠዋት ሲነሱ ሰማያዊ መብራት ይበራል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ነጂው ስለ ሞተሩ ሙቀት የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም፤ ቀዩ መብራት እስኪበራ። በሰማያዊውና በቀዩ መካከል ያለው ሰፊ ርቀት፣ ማለትም አንድ ሰው ችግር መምጣቱን አይቶ ዳር ይዞ ሊቆም የሚችልበት ጊዜ፣ ከዓይን የተሰወረ ነው።

መርፌ ያላቸውም ቢሆኑ ሙሉ በሙሉ የሚታመኑ አይደሉም። የብዙ ዘመናዊ መኪኖች መርፌ ከ75 ዲግሪ እስከ 105 ዲግሪ ገደማ ባለው ርቀት መሃል ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ሆኖ ነው የተሠራው። አምራቾቹ ይህን ያደረጉት መርፌው ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ደንበኛው ተጨንቆ እንዳይመጣባቸው ነው። መርፌው ከመሃል ተነስቶ ወደ ላይ ሲሄድ ስታዩ ነገሩ ከጀመረ ቆይቷል ማለት ነው።

አንድ ወጣት የቪትዝ ሾፌር ወደ አንድ ጋራዥ ተጎትቶ ሲገባ እዚያ ነበርኩ። ቀዩ መብራት የበራበት ጎተራ ማሳለጫው ላይ ነው። ተሳፋሪ ይዞ ነበርና ሳሪስ አቦ አድርሼው ልቁም ብሎ ቀጠለ። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ሰዓቱ ግን የሥራ መውጫ ነበር። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ፣ «መብራቱ ከበራ በኋላ ስንት ደቂቃ ነዳህ?» አለው። ልጁ፣ «ጋሼ፣ ብዙም አልቆየ፤ እንዲያውም መሃል ላይ መብራቱ ጠፍቶልኝ ነበር» አለ። መካኒኩ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ።

መብራቱ የጠፋው ሞተሩ ስለቀዘቀዘ አልነበረም። የሙቀት ሴንሰር የሚለካው የነካውን ነገር ነው። ውሃ ሲኖር ውሃውን ይለካል። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ሴንሰሩ ባዶ ቦታ ላይ ይንጠለጠልና በዙሪያው ያለውን አየርና እንፋሎት ይለካል፤ ይህ ደግሞ ከቴስታው ብረት በብዙ ሊቀንስ ይችላል። ሞተሩ እየነደደ ሳለ መብራቱ «ደህና ነኝ» አለ፤ ልጁም አመነው። ቴስታው ሲወርድ መካኒኩ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በላዩ አጋደመና ከሥሩ ስስ የመለኪያ ምላጭ አስገባ። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት የማይበልጥ። እዚያ ግን ወፍራሙ ምላጭ ያለ ምንም ትግል ገባ። ቴስታው ቶርኖ ቤት ሄደ፤ ጋስኬቱ ተለወጠ፤ ልጁም መኪናው እስኪጠገን ያለ ሥራ ተቀመጠ።

ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቁጥር የሚያሳይ የሙቀት ጌጅ ቢኖረው ኖሮ ቀዩ መብራት ከመብራቱ ቀደም ብሎ 98፣ 102፣ 106 እያለ ሲወጣ ያየው ነበር። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ወጥቶ ወጥቶ በድንገት ከወረደና ሞተሩ ግን አቅም ካነሰው፣ ያ ምልክት ከሁሉም የከፋው ነው፤ ወዲያው ማጥፋት ነው። መግዛት የምትችሉ ከሆነ የውሃውን ሙቀት ሳይሆን የቴስታውን ብረት የሚለካ፣ በብሎን የሚታሰር ሴንሰርና የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ያለው መሣሪያ አለ። ውሃ ኖረም አልኖረም እውነቱን ይናገራል። ለሽማግሌ ሞተር ከዚህ የተሻለ ጠባቂ አላውቅም።

ቁጥር ለማየት የግድ ዳሽቦርድ መብሳት የለባችሁም። አብዛኞቹ የቅርብ ዘመን መኪኖች ከመሪው ሥር የኮምፒውተር መመርመሪያ ሶኬት አላቸው፤ መካኒኮች ኦቢዲ የሚሉት ነው። በዚያ ላይ የሚሰካ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ መሣሪያ አለ። የሞተሩን ሙቀት በዲግሪ፣ የባትሪውን ቮልት በቁጥር ስልካችሁ ላይ ያወጣላችኋል። ለቪትዝ ባለቤት መጀመሪያ የምመክረው ይህን ነው። ጉድለቱን ግን ልንገራችሁ። ስልኩ ካልተከፈተ ጌጅም የለም። የሚያነበው ያንኑ የፋብሪካውን ሴንሰር ስለሆነ ውሃ ሲያልቅ አብሮ ይሳሳታል። አብዛኞቹ ቶዮታዎች ደግሞ የዘይት ግፊት ሴንሰር ስለሌላቸው፣ ያላቸው በርቶ የሚጠፋ ማብሪያ ብቻ ስለሆነ፣ የዘይት ግፊት በዚህ መንገድ አይታይም። መኪናው ለቀናት የሚቆም ከሆነም ከሶኬቱ ንቀሉት፤ ባትሪ ይበላል።

ቋሚ የሙቀት ጌጅ የምታስገጥሙ ደግሞ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ የሚገባው የላይኛው የራዲያተር ጎማ ተቆርጦ መሃሉ ላይ በሚታሰር የአሉሚኒየም ቀለበት ነው። ጎማ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ከዚያ ቀለበት ወደ መኪናው አካል አንድ የማሳ ሽቦ ካልተሳበ ነጠላ ሽቦ ያለው ሴንሰር ወይ ጭራሽ አይሠራም ወይ የውሸት ቁጥር ይሰጣል። ገጣሚው ይህን ሽቦ ሲረሳው ብዙ ጊዜ የሚሰደበው ጌጁ ነው።

ጌጁ ከተገጠመ በኋላ ማንበብ መማር ያስፈልጋል። መኪናው ለቡ መብራት ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ቁጥሩ ከወጣ፣ መንቀሳቀስ ሲጀምር ደግሞ ከወረደ፣ ፋኑን ጠርጥሩ። ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ከአዳማ ሲመለስ፣ በፈጣን መንገዱ ላይ ሽቅብ ሲነዳ የሚወጣ ከሆነ ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይም የውሃ ፓምፑ ደክሟል። ከአዳማ ወደ ቱሉ ዲምቱ ያለው 85 ኪሎ ሜትር ለዓይን ሜዳ ይመስላል፤ መኪናው ግን ብዙ መቶ ሜትር ሽቅብ ነው የሚወጣው፤ ያውም በፍጥነት። የቢሾፍቱና የሐዋሳ የእሑድ ተመላሾች ሞተር የሚሞቅባቸው ለዚህ ነው።

ቁጥሩ በጣም ዝቅ ማለቱም ይናገራል። ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ከሄደ በኋላ 60 ወይም 65 ዲግሪ ላይ ከቀረ ቴርሞስታቱ ክፍት ሆኖ ቀርቷል ወይም አንድ ጋራዥ «አያስፈልግህም» ብሎ አውጥቶታል። የአዲስ አበባ ጠዋት ቀዝቃዛ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ኮምፒውተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ሲጨምር ይውላል፤ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። ነዳጅ በዛብኝ እያላችሁ ካንዴላና ፊልትሮ ስትቀይሩ የቆያችሁ ሰዎች ይህን ቁጥር አንድ ጠዋት እዩት።

ስለ ዘይት ግፊት። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

የዘይቱ ቀይ መብራት ብዙ ሰው የሚያስበውን አይነግረንም። መብራቱን የሚያበራው ማብሪያ የሚሠራው ግፊቱ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር አካባቢ ሲወርድ ነው። ይህ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በስሎው ሲሠራ እንኳን የመጨረሻው ዝቅተኛ መጠን ነው። በ3,000 ዙር ሲሄዱ ግን ብዙ ሞተሮች ከ2.5 ባር በላይ ይፈልጋሉ። አሁን አስቡት፤ የዘይት ፓምፑ አርጅቷል፣ ወይም ኮፓው ድንጋይ መትቶት ጎድጉዶ የዘይት መሳቢያውን አፍ ዘግቷል፣ ግፊቱም በ3,000 ዙር 1 ባር ብቻ ነው። መብራቱ አይበራም። ሾፌሩ ደህና ነኝ ብሎ ይነዳል። ብሮንዙ ዘይት አጥቶ ብረት በብረት ይፋጫል። መብራቱ የሚበራው ኮሎው ከተበላ በኋላ ሊሆን ይችላል። መብራቱ ሞተሩ መሞቱን የሚያረዳ ነው፤ ጌጁ ግን መታመሙን ይነግራል።

ከንፋስ ስልክ ተነስቶ በጀሞና በሰበታ በኩል ወደ ጅማ የሚሄድ ሰው ይህን በግቤ በረሃ ላይ በግልጽ ያየዋል። ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ሙቀቱን አልፎ፣ ጭነት ይዞ ሽቅብ ሲወጣ ዘይቱ ይቀጥናል። ጠዋት ቤቱ ደጃፍ 4 ባር ያሳየው ጌጅ አሁን በዚያው ዙር 2.5 ይላል። ይህ ያለና የነበረ ነው። ግን ባለፈው ወር በዚያው ዳገት 3 ብሎ ከነበረና ዛሬ 2 ካለ፣ ዘይቱ ጎድሏል፣ ዘይት ውስጥ ነዳጅ ገብቷል፣ ወይም ብሮንዙ መላላት ጀምሯል። የዘይት ጌጅ ጥቅሙ ያለው በአንዱ ቀን ቁጥር ላይ ብቻ አይደለም፤ የመኪናችሁን የተለመደ ቁጥር በማወቅ ላይ ነው። ስለዚህ በአነስተኛ ደብተር ጻፉት፤ ሲቀዘቅዝ ስንት፣ ሲሞቅ በስሎው ስንት፣ በ3,000 ዙር ስንት።

ሲገጠም መታየት ያለበትን ለወጣት መካኒኮቻችን ልንገር። ዘይቱን በቀጭን ቱቦ እስከ ዳሽቦርዱ ድረስ የሚያመጣ ጌጅ አለ፤ ሽቦ ብቻ የሚመጣበትም አለ። ቱቦ ያለውን አልመክርም። የፈላ ዘይት በግፊት በሾፌሩ እግር ሥር ማሳለፍ ነው፤ ቱቦው ሲተፋ ዘይቱም ያልቃል፣ እግርም ይቃጠላል። ባለሽቦውን ስትገጥሙ የፋብሪካውን ማብሪያ አውጥታችሁ አትጣሉት። በመካከል ቲ ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ አስገብታችሁ ማብሪያውንም አዲሱን ሴንሰርም አብራችሁ እሰሩ፤ መብራቱም ጌጁም ይሠራሉ። የጃፓን ሞተር ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ የ1/8 የእንግሊዝ ጥርስ ነው፤ በአንድ ኢንች 28 ጥርስ። በጌጁ ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ የአሜሪካ ነው፤ በአንድ ኢንች 27። ሁለቱ ሲተያዩ አንድ ናቸው፤ ሁለት ሦስት ዙር ያለ ችግር ይገባሉ። ከዚያ በኋላ በቁልፍ ካስገደዳችሁት የሞተሩን ብሎክ ታበላሻላችሁ። በእጅ የማይገባ ነገር ሲገጥማችሁ አቁሙና ትክክለኛውን ማስማሚያ ፈልጉ። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን አብዝታችሁ አትጠቅልሉ፤ ሴንሰሩ ማሳ የሚያገኘው በዚያ ጥርስ በኩል ነው። ሽቦው ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ ሲገባ ብረቱ እንዳይቆርጠው በጎሚኒ ይለፍ፤ ለብቻውም ፊውዝ ይኑረው። ጌጁና ሴንሰሩ ደግሞ ከአንድ ካርቶን ይሁኑ፤ የአንዱ ፋብሪካ ሴንሰር ከሌላው ጌጅ ጋር ሲገናኝ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

ቮልት ቀላሉ ነው። ቀድሞ የነበሩት መኪኖች አምፔር ሜትር ነበራቸው፤ የመኪናው ኤሌክትሪክ ሁሉ በእሱ በኩል ስለሚያልፍ ሽቦው ሲላላ እሳት ያስነሳል። ዛሬ ማንም እንዲጨምረው አልመክርም። ቮልት ሜትር ግን በሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የሚሰካው እንኳን ይበቃል። ያደረ ባትሪ ሙሉ ከሆነ 12.6 ያሳያል። ሞተሩ ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። ከዚያ በታች ከቆየ ቺንጋው ላልቷል ወይም ዲናሞው ደክሟል። 15ን ካለፈ ሬጉሌተሩ ተበላሽቶ ባትሪውን እያፈላው ነው። የክረምት ማታ ጎተራ ላይ መብራት፣ ዝናብ መጥረጊያና ማራገቢያ ተከፍቶ፣ መኪናው በስሎው ለረጅም ጊዜ ቆሞ ይህን ቁጥር ማየት ጠዋት በር ላይ «ግፉልኝ» ከማለት ያድናል።

ተርቦ የሌለው ሞተር ላይ የተርቦ ጌጅ ገጥሞ መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው። ብዙዎቹ ላንድ ክሩዘር ሃርድቶፖች፣ ብዙዎቹ አሮጌ ሚኒባስ ታክሲዎች ተርቦ የላቸውም። ተርቦ ላለው ሃይሉክስና አይሱዙ ግን ሁለት ነገር ይጠቅማል። የተርቦ ግፊት ጌጅ ጎማው ሲሰነጠቅ ወይም ክላምፑ ሲላላ ጥቁር ጭስና የአቅም ማነስ ከመታየቱ በፊት ይነግራል። ሁለተኛውና የሚበልጠው የጭስ ሙቀት መለኪያ ነው። ሴንሰሩ ከተርቦው በፊት ባለው የጭስ መውጫ ላይ ተበስቶ ይገባል። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ናፍጣው ሙሉ በሙሉ የሚቃጠልበት ኦክስጅን ያንሳል፤ የተቃጠለው ጭስም በጣም ይግላል። ከ700 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ መጎተት ፒስተን ሊያቀልጥ ይችላል። ከአባይ በረሃ ጭነት ይዞ ወደ ጎሐ ጽዮን ወይም ወደ ደጀን የሚወጣ፣ ወይም ጣርማ በርን የሚሻገር ሾፌር ይህን ጌጅ አይቶ አንድ ማርሽ ዝቅ ያደርጋል፣ እግሩን ያነሳል፤ ሞተሩም ይተርፋል። በተለይ ናፍጣ የሚያስገባው ፓምፕ «ተከፍቶለት» አቅም እንዲጨምር ከተደረገ፣ ያለዚህ ጌጅ ዳገት መውጣት በዕድል መንዳት ነው።

ስለ ቫኪዩም ጌጅ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ፤ የዳሽቦርድ ሳይሆን የጋራዥ መሣሪያ ነው። ግን በእንግሊዝኛ የተጻፉት መጻሕፍት ጤነኛ የቤንዚን ሞተር በስሎው ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ማሳየት አለበት ይላሉ። ይህ ቁጥር በባሕር ጠለል ላይ ለሚሠራ ሰው ነው። በየ1,000 ጫማ ከፍታው አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። እኛ ዘንድ ከ7 እስከ 8 ኢንች ዝቅ ይላል። እዚህ 12 ያሳየ ሞተር ደህና ነው። ይህን ያላስተዋለ መካኒክ ጤነኛ ሞተር ቫልቩ ተቃጥሏል ብሎ ሊያወርድ ይችላል። ተማሪዎች፣ መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር የት ከፍታ ላይ እንደተለካ ሁልጊዜ ጠይቁ።

አዲስ ጌጅ ከመግዛታችን በፊት የቆየው ይሠራ። ስንት መኪና ነው የነዳጁ መርፌ ሞቶ ሾፌሩ በግምት የሚነዳው፣ ቤንዚን በሃይላንድ ጭኖ የሚዞረው? ቤንዚን በፕላስቲክ ይዞ ሰው ባለበት መኪና ውስጥ መሄድ እሳት ይዞ መሄድ ነው። የብዙዎቹ ብልሽት ታንከሩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ወይም የዛገ ማሳ ነው፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የዘይት መብራቱ ቁልፍ ሲዞር የማይበራ መኪናም አለ። ቁልፉ ሲከፈት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ያ መብራት መብራት አለበት። ካልበራ ወይ ተቃጥሏል ወይ ሽቦው ተቆርጧል።

ለነፍስ የሚሆነው ጌጅ ግን ዳሽቦርድ ላይ የለም። የጎማ ንፋስ መለኪያ ነው። በኪስ የሚያዝ ትንሽ መለኪያ ገዝታችሁ በየሳምንቱ ጎማው ሳይሞቅ ለኩ፤ የጎሚስታው መለኪያ ትክክል መሆኑንም በእሱ አመሳክሩ። በጎማው የንፋስ መሙያ ላይ የሚጠመዘዝ፣ ንፋስ ሲወርድ በሬዲዮ የሚያስጠነቅቅም ይሸጣል። ንፋስ የጎደለው ጎማ በፈጣን መንገድ ላይ ይግላል፣ ይፈነዳል። በዚያ ፍጥነት ሞተር ማትረፍ ሳይሆን ሰው ማትረፍ ነው ጉዳዩ።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ ከዚህ ውስጥ የሚመለከታችሁ ጎማውና ቮልቱ ነው። በእናንተም መኪና ውስጥ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለች። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነሳም።

ጥያቄያችሁን ከመቀበሌ በፊት ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ባለቤቶችና ሾፌሮች፣ ቀይ መብራት ሲበራ ወይም ቁጥሩ ከተለመደው 10 ዲግሪ ሲያልፍ ተሳፋሪውን ይቅርታ ጠይቃችሁ ዳር ያዙ፣ ሞተሩን አጥፉ፤ ክዳኑን ግን ሳይቀዘቅዝ አትክፈቱ። ለጋራዥ ባለሙያዎች የማሳስበው ደግሞ ይህን ነው፦ ደንበኛ «ይህ መብራት ሰለቸኝ፣ አጥፋልኝ» ሲላችሁ ሽቦውን አትቁረጡ። ግፊቱን ለኩና ቁጥሩን አሳዩት።